የጋሽ ላምቢሶ መነጽር

ወገኖቼ፣ አንድ አናጢ ነበረ። በአንዲት የደቡብ ከተማ የሚኖር ጨዋ፣ ዝምተኛ ሰው። ጋሽ ላምቢሶ ይሉታል። የጸሎት ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች የሠራው እሱ ነው፤ መድረኩንም የሠራው እሱ ነው። ዓይኑ ከማንም ዓይን የተሻለ ነበር። ጣውላ ትንሽ ሲያዘነብል በር ላይ ቆሞ ያውቃል።

ታዲያ የጸሎት ቤቱ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ ለጸሎት ሲሰበሰቡ ቃሉን የሚያነቡት በየተራ ነው። ተራው ደርሶ መጽሐፉ እጁ ሲገባ ጋሽ ላምቢሶ የደረት ኪሱን ይደባብስና፣ «አይ፣ መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ» ይላል። አጠገቡ ያለው ተቀብሎ ያነባል። በሚቀጥለው ሐሙስም መነጽሬን ረስቼ። ከዚያም በኋላ መነጽሬን ረስቼ።

መነጽር ነበረው? አልነበረውም። ዓይኑ ደክሞ ነበር? አልደከመም። ጋሽ ላምቢሶ ፊደል አይለይም ነበር። ይህን ከሚስቱ ከወይዘሮ ብርቄ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። እሷም እንደ እሱው ናት፤ ግን ሴት ስለሆነች አንብቢ ብሎ የሚያስቸግራት የለም። ይህም የራሱ ኀዘን አለው።

ለምን አይማርም ትሉኝ ይሆናል። ያቺ ጉባኤ እኮ የጎልማሶች ትምህርት ከፍታ ነበር። አስተማሪ ተመደበ፣ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ጠመኔ ተገዛ። ሰዉን እንዴት እንደጠሩት ታውቃላችሁ? ማስታወቂያ ጽፈው በሩ ላይ ለጠፉ። «ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ሁሉ መጥታችሁ ተመዝገቡ» ይላል። ሳቃችሁ? ሳቁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄአለሁ። ጋሽ ላምቢሶ ግን በየሳምንቱ በዚያ ወረቀት አጠገብ እያለፈ ገባ። የሠርግ ጥሪ ይሁን መርዶ አላወቀም። ተማሪ ጠፋና ክፍሉ ተዘጋ። ሽማግሌዎቹም፣ እንግዲህ በእኛ መካከል የማያነብ ሰው የለም ማለት ነው ብለው ጌታን አመሰገኑ።

የሐሙሱ ኅብረት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። እንዲያውም ደጎች ናቸው። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ መነጽሩን የሚረሳው ድሮውንም ስለሌለው ነው፣ መግዛት አቅቶት ነው ብለው አዘኑለት። አዋጥተውም ከገበያ መነጽር ገዙለት። ጸልየው፣ አጨብጭበው፣ በገዛ እጃቸው አፍንጫው ላይ አደረጉለት። ክፍሉ ደበዘዘበት። የሰዉ ፊት ተደበላለቀበት። አንዲት እህት በደስታ፣ ከዛሬ ወዲያ ምክንያት የለም ጋሽዬ አለችው። እሱም አብሯቸው ሳቀ። አያችሁ፣ ስጦታ የሰጡት መስሏቸው መደበቂያውን ወሰዱበት።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ጋሽ ላምቢሶ ወደ ኅብረቱ አልሄደም። ሰዎቹ ምን አሉ? በመንፈስ ቀዝቅዟል አሉ። ስለ ቅዝቃዜው አጥብቀው ጸለዩ። አንዳንዶቹም ቤቱ ድረስ ሄደው ገሠጹት። ምን ሆንክ ብሎ ቁጭ ያለ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው። አሁን የከበደው መጣ። አንዲት ልጅ አለችው፣ ፍሬሕይወት የምትባል። አናጢነቱ በሚያስገኘው አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት አንድያ ልጁ ናት። ልታገባ ሆነ። በዚያች ጉባኤ ልማድ ደግሞ የሙሽራዋ አባት መድረክ ላይ ወጥቶ፣ መጋቢው ከመጽሐፉ የመረጠለትን ክፍል አንብቦ ነው ልጁን የሚመርቀው።

ጋሽ ላምቢሶ እንቅልፍ አጣ። በቃሌ ልበለው ይሆን ብሎ አሰበ፤ ሲነበብ እየሰማ የያዘው ብዙ ነበር። ግን መጋቢው የትኛውን ገጽ እንደሚከፍትለት በምን ያውቃል? መጽሐፉን ገልብጦ ቢይዘውስ? ያ ሁሉ አማት እያየ? ፍሬሕይወትን ጠራና አጎትሽ ያንብብ አላት። ለምን አባዬ አለችው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አልችልም ቢላት ይበቃ ነበር። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይህን ጋብቻ ልቤ አልወደደውም። እኔ አልመርቅሽም» አላት።

ውሸቱን ነው። ሙሽራውን ይወደው ነበር። የሙሽሮቹን አልጋ እኮ ጓሮ ሆኖ እየሠራላቸው ነበር። ግን ክፉ አባት መባል፣ መሃይም ከመባል ቀለለው። ይህን አስቡት። እባካችሁ ዝም ብላችሁ ይህን አስቡት።

በሠርጉ ቀን አጎትየው አነበበ። ጋሽ ላምቢሶ መጨረሻው ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ልጅቱ ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ገባች። ስትደውል የምታወራው ከእናቷ ጋር ነው፤ እሱን ደህና ነህ ትለዋለች፣ ደህና ነኝ ይላታል፣ በቃ። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ ደም ግፊት ጣለው፤ ሳትደርስበት ሞተ።

ለቅሶ ቤት ፍሬሕይወት እናቷ እግር ሥር ተደፍታ፣ አባዬ ሳይመርቀኝ ሄደ እያለች አለቀሰች። ወይዘሮ ብርቄ የያዘችውን ምስጢር ከዚህ በላይ መያዝ አልቻለችም።

«ልጄ፣ አባትሽ ማንበብ አይችልም ነበር። አፍሮ ነው» አለቻት።

ልጅቱ ለቅሶዋን አቆመች። ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ፊደል የቆጠርኩት እሱ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው» አለች። «እኔ እኮ አስተምረው ነበር።»

አስተምረው ነበር። የኅብረቱ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሰሙ። እነሱም ያንኑ አሉ። ብናውቅ እናስተምረው ነበር። ብንጠይቀው ይነግረን ነበር። ቀርበነው ቢሆን እናውቅ ነበር። ነበር፣ ነበር፣ ነበር። ሬሳ ከወጣ በኋላ ይህ ቃል ለማን ይጠቅማል?

እናንተስ? መሃይም የሚለውን ቃል ይህን ያህል ያከበደው ማን ነው? ጋሽ ላምቢሶ ነው? እኛ ነን። ስንጣላ የምንሰዳደብበት፣ ስንጫወት የምንሳሳቅበት እኛ ነን። ያ ስድብ ነው አንድን አባት ልጁን ከመመረቅ ያስቀረው።

አሁን ከጎናችሁ ማን ተቀምጧል? መጽሐፍ ክፈቱ ሲባል ጎረቤቱን አይቶ የሚገልጠውን አይታችሁት አታውቁም? ቤታችሁ ውስጥስ፣ ልጆች የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ሥራ አለብኝ ብላ ወደ ጓዳ የምትገባ እናት የለችም? ክፍል ክፈቱ፣ እሰየው። ልጆቻችሁ ከወላጆቻቸው ጋር አብረው ያንብቡ፣ እሰየው። ግን አስቀድማችሁ ሰውየው ዘንድ ሂዱ። ሰው ፊት አትጠይቁት፤ ለብቻው፣ በአክብሮት ጠይቁት። ቢቆጣችሁም ታገሡት። አፍሮ ነውና።

ፍሬሕይወት ዛሬም ስታገኘኝ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። «ያን ቀን አጥብቄ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር?» ትለኛለች። መልሱን የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነበር። የምትጠይቀው ሰው የለም። እናንተ ግን ዛሬ ቤት ስትገቡ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ።