ጆከሩ ስንት ነው?

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬ ሰንሰለት ነው፣ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይከተላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሊሻን የምትባል የኮምፒውተር ተማሪ ነበረች። የምትማረው የፕሮግራም ቋንቋ ሥራውን ለትንንሽ ፈንክሽኖች የሚያከፋፍል ነው፤ አንዱ የሠራውን ለሌላው ያቀብላል። የተሰጣት መልመጃ የካርታ ጨዋታ ነጥብ መቁጠር ነበር። ምኞቷ ትንሽ ናት፦ ሰባት፣ ንጉሥና ጆከር ለፕሮግራሙ ሰጥታ፣ አንዲት ድምር እንድትወጣላት።

«ደምር!» አለችው ደማሪ የተባለውን ፈንክሽን።

«ዋጋ ሰጪው ሳያቀብለኝ ምኑን ልደምር?»

ለየካርታው ነጥብ ወደሚሰጠው ፈንክሽን፣ ወደ ዋጋ ሰጪው ዞረች። እሱ ደግሞ፣ «ሰባቱን ሰባት፣ ንጉሡን አሥር ብለሻል። ጆከሩንስ? እሱን ካልነገርሽኝ ንቅንቅ አልልም!»

ሊሻን መምህርቷ ኑሪያ ዘንድ ሄደች። «መምህር፣ ደማሪው አይደምር፣ ዋጋ ሰጪው አይሰጥ! ጆከሩ ስንት ይሁን?»

«ሕጉ እንደየሰፈሩ ነው። የሰፈርሽን ተጫዋቾች ጠይቂ፤ እኔ አልፈርድም።»

ቤቷ ገባች። «አባዬ፣ ደማሪው አይደምር፣ ዋጋ ሰጪው አይሰጥ፣ መምህርቷ አትፈርድ! እጅ ላይ የቀረ ጆከር ስንት ነው?»

አባቷ አቶ ወንድይፍራው ፊታቸው ጠቆረ። ከጎረቤታቸው ከጋሽ ዳምጠው ጋር ዕድሜ ልካቸውን ካርታ ተጫውተው፣ የተኳረፉት በዚሁ በጆከር ነበር። «ዳምጠው በሌለበት ብናገር አጭበረበረ ይለኛል። እሱ ካልመጣ አልናገርም።»

ጎረቤት ተሻገረች። «ጋሽ ዳምጠው፣ ደማሪው አይደምር፣ ዋጋ ሰጪው አይሰጥ፣ መምህርቷ አትፈርድ፣ አባዬ አይናገር! ይምጡልኝ።»

«ወርቅያንሹ እግሯ ተሰብሮ ስትተኛ አባትሽ ደጃችንን አልረገጠም። ባለቤቴ ይቅር ካላለችው አልመጣም።»

ሊሻን ወደ ጓዳ ዘለቀች። እትዬ ወርቅያንሹ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለዋል። «እትዬ፣ ደማሪው አይደምር፣ ዋጋ ሰጪው አይሰጥ፣ መምህርቷ አትፈርድ፣ አባዬ አይናገር፣ ጋሽ ዳምጠው አይመጡ! ይቅር ይበሉት።»

እትዬ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ራሱ መጥቶ ‹እንዴት ነሽ› ካላለኝ ይቅር አልልም።»

ሊሻን እየሮጠች ተመለሰች። «አባዬ! ደማሪው አይደምር፣ ዋጋ ሰጪው አይሰጥ፣ መምህርቷ አትፈርድ፣ አንተ አትናገር፣ ጋሽ ዳምጠው አይመጡ፣ እትዬ ወርቅያንሹ ይቅር አይሉ! ሁሉም አንተን ነው የሚጠብቀው።»

አባቷም፣ «ልጠይቃት ወጥቼ ከበራቸው ተመልሻለሁ። በቀረሁ ቁጥር እፍረቱ እየባሰብኝ ሄደ» አሉ።

«አብሬህ እገባለሁ» አለችና ክንዳቸውን ያዘች።

ብርቱካን ገዝተው ገቡ። «ወርቅያንሹ፣ እግርሽ እንዴት ነው?» ብለው አባት ብርቱካኑን አጠገባቸው አስቀመጡ።

«አንተ ክፉ! በሩን ሳይ ነው የከረምኩት!» እትዬ አለቀሱም፣ ሳቁም።

ከዚያማ ምን ያቆመዋል! አባት ጠየቁ፣ እትዬ ይቅር አሉ፣ ጋሽ ዳምጠው ወደ ጓዳው መጡ፣ አባት ተናገሩ።

«ሃያ አምስት ነው!»

«አሥራ አምስት ነው እንጂ!» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

«ሃያ ብላችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ!» ብለው እትዬ ወርቅያንሹ ፈረዱ።

መምህርቷም በስልክ «የሰፈር ሕግ ሕግ ነው» አለች፤ ሊሻን ኮምፒውተሯን አምጥታ ሃያ ብላ ጻፈች፤ ዋጋ ሰጪው ሰጠ፤ ደማሪው ደመረ፤ ስክሪኑ ላይ ሠላሳ ሰባት ብቅ አለች።

«ወጣልኝ!» ብላ ሊሻን ጮኸች። ቀና ያለ የለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ካርታ እየበወዙ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ እትዬ ወርቅያንሹ፣ «ኮምፒውተርሽን ዝጊና ቁጭ በይ፤ አራተኛ ሰው ጎድሎናል።»