በቀዳዳ የተሞላው መረብ

የዕድር ድንኳን የሚተክል አንድ ብርቱ ሰው ነበረ። አንድ ቀን የድንኳኑን ምሰሶ ሲያነሣ ከእምብርቱ በላይ የለውዝ ፍሬ የምታህል እብጠት ብቅ አለች። ሲጋደም ትገባለች፤ ሲያስል ትወጣለች። ምን አደረገ? ሆዱን በነጠላ ጥፍር አድርጎ አሰረና ዝም አለ። ምሰሶውን ሌላ ሰው እንዲያነሣበት አልፈለገማ!

ሕመሙ ግን ባሰ። ሚስቱ ዘነቡ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ በጣቷ ዳሰሰችው። «ጋሼ፣ የሆድዎ ግድግዳ ተከፍቷል። ክፍተቱ ትንሽ ነው፤ በክር ብቻም ይሰፋል። ክር ግን ግራና ቀኙን ጎትቶ ነው የሚያጋጥመው፤ መልሶ ሊከፈት ይችላል። መረብ ብናደርግበት ይሻላል።»

«መረብ? ቀዳዳ ያለው?»

«አዎ፣ ስስ ነው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ።»

ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? አንድ ቀዳዳ ይዤ ብመጣ መቶ ቀዳዳ ሊያሸክሙኝ ነው!»

«አንተ ደግሞ!» አለች ዘነቡ። «ድንኳኑ የተቀደደ ጊዜ ጎትተህ አልሰፋኸውም? ለቅሶ ላይ ከስፌትህ አጠገብ አልተተረተረም? ለቀስተኛው ሁሉ በዝናብ አልበሰበሰም?»

«ኋላ ሸራ ጣፍኩበት! ሸራ ቀዳዳ የለውም!»

ሐኪሟ ሳቀች። «ቀዳዳው ለሥጋዎ ነው። ሥጋዎ በየቀዳዳው እያለፈ ያድግና ከመረቡ ጋር አንድ ይሆናል።»

«ታዲያ የሚይዘኝ መረቡ ነው ወይስ ሥጋዬ?»

«ሁለቱም።»

«አይመረቅዝም?»

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል። አልደብቅዎትም።»

ይኼኔ ጭራሽ ግራ ገባው። ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደ። በሩ ላይ አሳለው፤ እብጠቷ ወጣች። በመዳፉ ደግፏት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ አልጋው ላይ ተጋደመ።

«አልገባኝም» አለ። «ግን አድርጉልኝ።»

ምእመናን፣ ይህ ሰው ዛሬ ምሰሶውን ያነሣል። ባገኘኝ ቁጥር ግን «የያዘኝ የትኛው ነው?» ይለኛል። እኔም አላውቀውም።

እናንተስ? በኀዘን አልተቀደዳችሁም? ከዚያስ ጥፍር አድርጋችሁ አስራችሁ «ደኅና ነኝ» አላላችሁም? እግዚአብሔር ወንድም ሰጣችሁ፣ እህት ሰጣችሁ፤ እናንተ ቀዳዳቸውን ቆጠራችሁ። «ይኼ ይጠጣል፤ ያቺ ሰው ታማለች፤ ያኛው ቁጡ ነው። በእነዚህ ነው የምጠገነው?» አላችሁ።

እኔም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ግን ቀዳዳ የሌለው ወንድም ቢሰጣችሁ፣ በየት በኩል አልፋችሁ ከእሱ ጋር አንድ ትሆኑ ነበር?

እስኪገባችሁ በር ላይ አትቁሙ። ግራ እንደገባችሁ ተመለሱ። መጀመሪያ ግን ያን ነጠላ ፍቱት።