ሽውታ ሳይጠና የዘለለ ቀን

እናንተ፣ ልጅ ከአጥንቱ አቅም በላይ ሲዘል አይታችሁ እልል ስትሉ፣ ሲወድቅ ማን እንደሚያነሳው አስባችሁ ታውቃላችሁ? አትመልሱልኝ፤ መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ይልቅ ስሙኝ።

ውሻ ይናገር፣ እንጨት ይመልስ፣ መሬትም የሰማችውን ትደግም በነበረበት ዘመን፣ ዳሚት የምትባል አሮጊት ውሻ ነበረች። ጌታዋ አያ ሰጥአርጌ ነው። በዚያ አገር እህል ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ውሾች ይወዳደራሉ። ሜዳው ላይ ሦስት አግዳሚ ይቆማል፤ አንዱ ከአንዱ ከፍ ይላል። ዝቅተኛው ሸንበቆ፣ መካከለኛው ጥድ፣ ከሁሉ ከፍ የሚለው ወይራ ነው። ውሻው ሦስቱንም ዘሎ ከጌታው እግር ሥር ይቀመጣል። ያሸነፈ ውሻ አንድ አጥንት ያገኛል፤ ጌታው ግን ዓመቱን ሙሉ በየድግሱ ከፊት ይቀመጣል።

ዳሚት በዘመኗ ሦስቱንም ዘላለች። ያሳደጋት የሰጥአርጌ አባት ግን ችኩል አልነበረም። መጀመሪያ ስሟን ስትሰማ መምጣትን አስተማራት። ቀጥሎ ቁጭ ማለትን። ቀጥሎ እንጨት መሬት ላይ አጋድሞ በላዩ አራመዳት። ገና መጫወት እያማራት «ይበቃል» ብሎ ቁራሽ ሰጥቶ ያስገባታል። አጥንቷ እስኪጠና ድረስ ከጉልበቷ ከፍ ያለ ነገር አላዘለላትም። ሰጥአርጌ ይህን ሁሉ አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። አይቶ ረሳው።

ዳሚት በእርጅናዋ አንድ ልጅ ወለደች። ሽውታ አሉት። እግሩ የረዘመ፣ ጆሮው ገና ያልቆመ፣ ሲሮጥ ኋላው ፊቱን ልቅደም የሚል ቡችላ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው አያ ፈንቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ሰጥአርጌ፣ ዘንድሮ ምን ልታስዘልል ነው? ድመትህን?»

ሰጥአርጌ ፊቱ ጠቆረ። «ሽውታን!» አለ።

«ኧረ እሱስ ገና ወተት ወተት ይሸታል!»

«ነገ ሜዳው ላይ እንተያያለን።»

ዳሚት ይህን ስትሰማ ከተኛችበት ተነሳች። ሽውታ ጭራውን እየቆላ ወደ እሷ መጣ።

«እማዬ፣ ሰማሽ? ልዘል ነው!»

«አጥንትህ ገና ለጋ ነው፣ ልጄ።»

«ስላረጀሽ ነው እንዲህ የምትይው።»

«ስላረጀሁ አይደለም። ስለማውቅ ነው።»

«ታዲያ አያ ሰጥአርጌ አያውቅም?»



ሰው ያን ጊዜም ቢሆን ውሻ አይሰማም። ስለዚህ ዳሚት ወደሚሰሟት ሄደች። መጀመሪያ ሽውታ ወደሚታሰርበት ገመድ ሄደች።

«ወንድሜ ገመድ፣ ነገ ልጄን ወደ ሜዳ ሲጎትቱብህ እባክህ ተበጠስ። ዕለቱ ይለፍለት።»

«ከተበጠስኩማ የጭራሮ ማሰሪያ ያደርጉኛል!» አለ ገመዱ። «እኔ ወደሳቡኝ ነው የምሄደው። ሳቢውን ለምኚ።»

ቀጥሎ ወደ ወይራው ሄደች።

«አያ ወይራ፣ ልጄ በእግሩ ሲነካዎት ሸርተት ብለው ይውደቁለት።»

«እኔ? በቡችላ ጥፍር?» አለ ወይራው። «እናትሽንም አያትሽንም አዝልያለሁ፤ አንድ ቀን ንቅንቅ ብዬ አላውቅም።»

«ማን ያይብዎታል?»

«ጥድ አለ አይደል! ዕድሜ ልኩን ሲስቅብኝ ይኖራል።»

በመጨረሻ ወደ ሜዳዋ ሄደች።

«እትዬ ሜዳ፣ አንቺ እንኳ እናት ነሽ። ልጄ ሲወርድ ለስለስ በይለት።»

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ፀሐይ አደረቀችኝ፣ ከብት ረገጠኝ። ለዝናብ ንገሪው።»

«ዝናብማ ወቅቱ አለፈ።»

«እንግዲህ!» አለች ሜዳ።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ወጣ። ገመዱ ሳይበጠስ ሽውታን አደረሰው። ሽውታ ሸንበቆውን ዘለለ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጥዱን ዘለለ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ወይራው ዘንድ ሲደርስ ቆመና ወደ ኋላ ዞሮ እናቱን አያት። ዳሚት «ተመለስ! ተመለስ!» ብላ ጮኸች። ሰው ውሻ ጮኸች ብሎ ሳቀ።

«ዝለል፣ የኔ አንበሳ!» አለ ሰጥአርጌ።

ሽውታ ዘለለ። የፊት እግሩ ወይራውን ነካ። ወይራው ንቅንቅ አላለም። ሜዳዋም እንደ ድንጋይ ጠንክራ ተቀበለችው። ዳሚት እልልታው ሳይቋረጥ፣ ከእልልታው ሥር፣ የደረቀ አገዳ ሲሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማች።

ሰጥአርጌ ተሸክሞት ገባ። ወጌሻ መጣ፣ አጥንቱ ታሰረ፣ ዳነም፤ ግን ጠሞ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ሽውታ ሲሄድ አንድ እግሩን ይጎትታል። ከበር እስከ አጥሩ ደርሶ ሲመለስ ይተኛል። ስሙ ብቻ ሽውታ ሆኖ ቀረ።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «አውርድ» ሲለው ድንጋዩ ይወርዳል፤ ነገሩም ያልቃል። ክረምቱ አልፎ እሸት ሲደርስ፣ ወይራው ድንጋይ ተሸክሞ ዳሚት ደጅ ቆመ። ድንጋዩን ያሰረለት ገመዱ ነው። ሜዳ ከቦታዋ መነሳት ስለማትችል አቧራዋን ልካለች። ሰጥአርጌም የእንጀራ ፍርፋሪ ሳይሆን ሙዳ ሥጋ ይዞ ወጣና ዳሚት ፊት አስቀመጠ። አልነካችውም።

ቀድሞ የተናገረው ድንጋዩ ነበር።

«ዳሚት፣ እኔ ብዙ ደጅ ቆሜአለሁ። ደም የፈሰሰበትም ደጅ ቆሜአለሁ። ‹አውርዱት› ሳይባል የተመለስኩበት የለም።»

«እኔ የለመንኳቸው ትልቅ ነገር ነበር?» አለች ዳሚት። «አንዱን ተበጠስ፣ አንዱን ውደቅ፣ አንዷን ለስልሺ ነው ያልኩት።»

«ተጎትቼ ነው» አለ ገመዱ።

«ተሰቅዬ ነው» አለ ወይራው።

አቧራው ደጁ ላይ ተነጠፈ።

ሽውታ እግሩን እየጎተተ መጥቶ ጎኗን በአፍንጫው ነካት። «እማዬ፣ እኔ ትቼዋለሁ። አንቺም ተዪላቸው።»

«አንተ ተው፤ እግሩ ያንተ ነው» አለችው። «ያን ቀንም ዝለል ሲሉህ ዘለልክ፤ ዛሬም ተው ሲሉህ ትተዋለህ። ልጅ የለመኑትን ይሰጣል። ለዚህ ነበር የሚያውቅ ትልቅ ሰው ያስፈለገህ። አንድ ዓመት ቢጠብቁህ ሜዳውም አግዳሚውም የትም አይሄዱም ነበር።»

«እንግዲያው እኛ ምን እንሁን?» አለ ወይራው።

«እንደቆማችሁ ቁሙ።»

«እኔስ?» አለ ድንጋዩ።

«አንተም እንደተጫንክ ቆይ።»

ዳሚት ከሰጥአርጌ ጀምራ እስከ አቧራው ድረስ ተራ በተራ አየቻቸው።

«ማንንም ይቅር አልልም» አለች።