ሁለት ሆድ፣ አንድ ክኒን

አንድ ገበሬ ነበረ። ተማሪዬ ዘርፌ፣ «ለሆድ ሕመም ከምናዝዛቸው ሁለት መድኃኒቶች የትኛው ይበልጣል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና የእርሱን ነገር ስሚ።

ገበሬው ጎተራው ሙሉ ነበር፤ ሴት ልጁም ለአንድ ሸማኔ ወንድ ልጅ ታጭታለት ነበር። ነገር ግን መብላት አቃተው። ሁለት ጉርሻ ሲውጥ እስከ አንገቱ የሞላ ይመስለዋል። አንድ ቀን የሙሽራው እናት ድግስ አሰናድታ ጠራችው። ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

እሷም ለባሏ ለሸማኔው፣ «ወጤን ናቀው። ልጁን ሊሰጠን አልፈለገም ማለት ነው» ብላ አዘነች።

ሸማኔው ደግ ሰው ነበርና ገበሬውን ወደ ጓሮ ወስዶ ምን እንደ ሆነ ጠየቀው።

«ሆዴን እያመመኝ ነው» አለ ገበሬው።

ሸማኔው ሳቀ። «ታዲያ ይህን ነው የደበቁኝ? እኔንም አሞኝ ነበር፤ ይኸው ይህ ክኒን አዳነኝ። ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት የለም!» ብሎ ከራሱ አካፈለው።

ገበሬው ወር ሙሉ ዋጠው፤ ምንም አልተሻለውም። ሸማኔውን ላለማሳፈር ግን «ድኛለሁ» አለው። በሁለተኛው ግብዣ የሙሽራው እናት ደስ እንዲላት እየታገለ በላ፤ ከማዕዱም ሳይነሣ በእንግዶች ፊት አስመለሰው። እሷ አለቀሰች፣ ዘመድ ተንሾካሾከ፣ ሰርጉ ቀረ ተባለ።

ያን ጊዜ ገበሬው እውነቱን አወጣ። «መድኃኒትዎ አልረዳኝም። ዋሸሁዎት» አለ። ሸማኔው «ክኒኔማ አይሳሳትም!» ብሎ ተቆጣ፤ ተያይዘውም ሐኪም ዘንድ ሄዱ።

ሁለቱም ስለ ክኒኑ ሲጨቃጨቁ ሐኪሟ ዝም አሰኘቻቸውና፣ «ስለ ሆዳችሁ ንገሩኝ» አለች።

ሸማኔው፣ «እኔን ስራብ ያቃጥለኝ ነበር፤ ጎምዛዛ ነገርም ወደ ጉሮሮዬ ይመጣብኝ ነበር» አለ።

ገበሬው ደግሞ፣ «እኔን አያቃጥለኝም። የበላሁት ግን አይወርድልኝም፤ የቀትሩ ምሳ ለራትም እዚያው ነው» አለ።

ሐኪሟ መርምራ፣ «የእርሳቸው ክኒን አሲድ ይቀንሳል። የእርስዎ ሆድ ግን ምግቡን ወደ አንጀት ቶሎ አይገፋም፤ አሲድ ቢቀንስለት ምን ይረባዋል?» አለችው። ሆድን የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ለጥቂት ሳምንት ከምግብ በፊት እንዲወስድ፣ ሲበላም ትንሽ ትንሽ እያደረገ እንዲበላ አዘዘችው።

ሸማኔው እልኸኛ ነበር። የትኛው እንደሚበልጥ ልየው ብሎ የራሱን ትቶ የገበሬውን ዋጠ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ተመለሰበት፤ ወደ ራሱም ክኒን ተመለሰ።

ገበሬው ግን ምግብ ይወርድለት ጀመር፤ የሙሽራው እናትም ወጧን እንዳልናቀ አወቀችና ሰርጉ ተሠረገ። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ማዕድ በቀረቡበት በቅልቅሉ ዕለት የሙሽራው እናት ገበሬውን ታጎርሰው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«ኧረ እመቤቴ፣ ሐኪሟ ትንሽ ትንሽ ብላለች!»

«እኔስ ትንሽ ትንሽ አይደል የማጎርስዎት?» አለችና አምስተኛውን ጠቀለለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገበሬው ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ፤ ጎረሰም።

እንግዲህ ዘርፌ፣ ያንቺም ጥያቄ እንደ ሸማኔው ነው። እርሱ የራሱን ሆድ ይዞ ለሰው ሆድ ፈረደ። አንቺም ታማሚውን ሳታዪ ከመድኃኒቶቹ አንዱን ልታነግሺ ትፈልጊያለሽ። መድኃኒትን ከመድኃኒት ከማወዳደርሽ በፊት ሕመምን ከሕመም ለዪ። በይ፣ ደጅ የተቀመጡትን ታማሚ ሴትዮ አስገቢያቸው፤ አስቀድመሽም ሲበሉ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቂያቸው።