የቦራ ሻኛ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ። ዛሬ ተናድጄ ነው የማወራው፣ ታገሡኝ።

ድሮ ግንባሩ ነጭ ስለሆነ ቦራ የሚሉት ወይፈን ነበር። በመስኩ ላይ ደግሞ ሻኛው እንደ ክምር የተቆለለ ኮርማ አለ፤ ጊደሮቹ ሁሉ እሱን ያያሉ። ቦራ ኩሬ ዳር ቆሞ የራሱን ሻኛ እያየ ያፍር ነበር። ይህን ያየ አንድ መዥገር አንገቱ ላይ ወጣ።

«ሻኛህ ገና ነው» አለው። «ሣር ለጊደር ነው፤ አንተ ባቄላ ብቻ ብላ።»

ቦራ ሣር ተወ። ማሳ እየጣሰ ባቄላ ቃመ፤ ሆዱን እያመመውም ጨመረ። ሻኛው አደገ። መንጋው አበጀህ አለው። መዥገሩም ደሙን ጠጥቶ ወፈር አለ።

«ሻኛህ ገና ነው» አለው እንደገና። «ከመንጋው ተለይ፤ አብሮ የዋለ ሣር መንጨቱ አይቀርም።»

ቦራ ተለየ። እናቱ አብረን እንጋጥ ብላ ብትለምነው ምቀኛዬ ነሽ አላት። አንድ ቀን ቢርበው ሁለት ጉንጭ ሣር ነጨና፣ በጸጸት እስኪያነክስ ድረስ ዳገት ለዳገት ሮጠ። መንጋው አሁንም አበጀህ አለው። የማይረባ መንጋ!

ሻኛው ከኮርማው በለጠ። ቦራ ኩሬው ውስጥ ሲያይ ግን የሚታየው ያው ትንሹ ነው።

«ሻኛህ ገና ነው» አለው መዥገሩ ለሦስተኛ ጊዜ። «ነገ ከኮርማው ጋር ትገጥማለህ። ቆዳህ ከሥጋህ ተጣብቆ ሻኛህ ጎልቶ እንዲታይ ውኃ አትጠጣ።»

ኩሬው አዘነ። «ልጄ፣ እኔ ያየሁትን ነው የማሳይህ። ከኮርማው በልጠሃል፤ ጠጣ» አለው።

ቦራ ያመነው መዥገሩን ነው።

በማግስቱ ፀሐይዋ ከረረች። ቦራ ገና ሳይገጥም ጉልበቱ ከዳውና ተዘረረ። ኮርማው እንኳ ቀንዱን አላነሣበትም። እናቱ ሮጣ መጥታ የደረቀ አፉን ላሰችው።

«እማዬ፣ ሻኛዬ ይታያል?»

«ይታያል፣ ልጄ።»

አላመናትም። እንዳላመናት ሞተ።

መንጋው እንዲህ ያለ ጠንካራ ምን ነካው እያለ አለቀሰ። እናቱ ግን ዞራ፣ «በልተሃል ወይ ያለው ማን ነው? ከመካከላችሁ ማን ነው?» አለች። መዥገሩ የሬሳ ደም አይጥመውምና ተንከባሎ ወርዶ ወደ ሌላ ወይፈን መንገድ ጀምሯል።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለልጆቻችሁ አጉርሱ። ሲያጎርሱት ይጠግባል እንጂ ሲያሞግሱት የጠገበ የለም።