የታሰረው መዝጊያ

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ «ባልና ሚስት እንደ ወጉ ጎን ለጎን ተቀምጠው መታረቅ ሲችሉ፣ ሴትዮዋን ለብቻዋ መጠየቅ ምን አመጣው?» ነው ያልኸኝ። ዘንድሮ ለሽምግልና ተመርጠሃልና መጠየቅህ ደግ ነው። ስማ እንግዲህ።

ሰውየው አስታራቂ ነበረ፤ የአገሩ ሽማግሌዎች አውራ። እሱና ጓደኞቹ የበሉት የዕርቅ በግ ከመብዛቱ የተነሣ የአገሩ በግ ነጭ ጋቢ ባየ ቁጥር ገደል ይገባ ነበር። ባልን በቀኝ፣ ሚስትን በግራ ያስቀምጣል፤ ይጠይቃል፤ ይመርቃል፤ ይበላል።

በዚያው አገር አንድ ገበሬ ከነሚስቱ ይኖራል። ሴትዮዋ አንዴ ዓይኗ አብጦ፣ አንዴ ክንዷ ተሰብሮ ትታያለች። ጎረቤት ሽማግሌ ይጠራል። አውራው ሽማግሌ ከባሏ አጠገብ አስቀምጦ ምን እንዳገኛት ይጠይቃታል። እሷም መሬት መሬቱን እያየች «መዝጊያው ነው የመታኝ» ትላለች። ባልም፣ መዝጊያው ከአያቱ ጀምሮ ክፉ እንደሆነ ይመሰክራል።

አንድ ቀን ጥርሷ ወልቆ ተገኘች። ሽማግሌዎቹ ተጨነቁ። ባልን እንዳይከሱ ገመና ነው፤ ዝም እንዳይሉ ጥርስ ነው። በመጨረሻ መዝጊያው ላይ ፈረዱ። ከነማጠፊያው ነቅለው፣ በጠፍር ተብትበው፣ አውራው ሽማግሌ ግቢ ካለው ግራር ጋር አቆራኙት። ሰውየው ፍርድ ማለት ይሄ ነው እያለ ረክቶ ገባ።

ያ ቤት ያለ መዝጊያ ቀረ። ጅብ እንኳ ደፉ ላይ ደርሶ፣ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ፣ ጭራውን ወትፎ ተመለሰ ይባላል።

አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ራቱን ሲቆርስ ከግቢው ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ሰማ። ወጥቶ ቢያይ ሰው የለም። ነፋስም የለም፤ የግራሩ ቅጠል አይነቃነቅም። የታሰረው መዝጊያ ብቻ፣ ጠፍሩ ሳይላላ፣ ማንም ሳይነካው ያንኳኳል። ቀርቦ ቢዳብሰው እንጨቱ እንደ ጉንጭ አብጧል፤ ይሞቃል። በማግስቱ ሴትዮዋ እያነከሰች ውሃ ስትቀዳ አያት። በሌላ ምሽት ደግሞ አንኳኳ፤ በማግስቱ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ነበረ።

ሰውየው እህል አልወርድ አለው። መዝጊያው እዚህ ታስሮ እዚያ የሚመታት ማን ነው? ከማንኳኳቱም ይልቅ፣ አንድ ምሽት ማንኳኳት ጀምሮ በመሀል ዝም ቢልስ የሚለው ሐሳብ አጥንቱን አቀዘቀዘው።

በነጋ ጊዜ ሚስቱን አስከትሎ ምንጭ ወረደ፤ እዚያ ባልየው አይደርስም። ሚስቱን ከሴትዮዋ አጠገብ አስቀመጠና እሱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ልጄ፣ መዝጊያው እኔ ቤት ታስሯል። ማን ነው የሚመታሽ?»

ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «አባቴ፣» አለች፣ «እሱን ከጎኔ አስቀምጠው ሲጠይቁኝ፣ ከመዝጊያው ሌላ ማንን ልጥራ?»

ሰውየው ያን ቀን በግ አልበላም። ሴትዮዋን ወንድሟ ቤት አስገባት። ባልን ለብቻው ግቢው አስጠርቶ፣ በገዛ አባቱና በወንድሞቹ ፊት አቆመው። ባልየው እንደ ልማዱ «መዝጊያው» ብሎ ሲጀምር፣ ሁሉም ዞር ብለው ወደ ግራሩ አዩ። ሽማግሌውም እሷ ለብቻዋ ተጠይቃ «አልፈራም» እስክትል ዕርቅ እንደሌለ፣ ዕድሜ ልኳን ካላለችም እንደማይኖር ነገረው፤ ዘመዶቹንም እጁን እንዳያነሣባት ዋስ አደረጋቸው። ከዚያ ምሽት ወዲህ መዝጊያው አላንኳኳም።

አየህ ልጄ፣ ሰውን ከሚፈራው ጎን አስቀምጦ እውነቱን ተናገር ማለት መዝጊያ እንደማሰር ነው። ወጋችን ጠብን ማብረድ እንጂ ቁስልን በጋቢ መሸፈን አይደለም። ስለዚህ ነገ ከምትሄድበት ቤት ሴትዮዋ በባሏ ፊት «ላም ረገጠችኝ» ብትልህ፣ ለብቻዋ የምትናገርበትን ቦታ ፈልግላት። ላሚቱን ግን አትሰር።