የሼኽ ሙዘይን ቁርቁራ

ስሟን ብነግራችሁ "እናውቃታለን!" ብላችሁ ስለምታደርቁኝ የማልነግራችሁ አንዲት የድሮ የቆላ ከተማ ነበረች። እዚያች ከተማ ሼኽ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት፣ አጥራቸው ላይ ትልቅ ቁርቁራ ነበራቸው። ዓረቡ ሲድር የሚለው ነው። እናንተ ሆዳሞች ፍሬውን መልቀም ብቻ ነው የምታውቁት! በላይ በሰባተኛው ሰማይ ሲድረቱል ሙንተሃ፣ የወሰኗ ቁርቁራ፣ አለች፤ እዚህ ምድር ያለው ደግሞ እሾሁ አጥር፣ አበባው የንብ ቀለብ ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ፣ ከውኃ ጋር ተመቶ ጀናዛ፣ የሟች ሬሳ፣ ይታጠብበታል። ሼኹ ለጀናዛ ቅጠል ማንንም ከልክለው አያውቁም።

ጎረቤታቸው ያሲን ንብ ያረባል። ቁርቁራው ሲያብብ ንቦቹ እዚያው ይውላሉ። በየዓመቱ ማር ይልክላቸው የነበረው ሰው አንድ ዓመት ሳይልክ ቀረ።

"አበባው የኔ፣ ማሩ የሱ!" አሉና ሼኹ በያሲን በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ከነአበባው ገነደሱት። ወላሂ፣ ያን የሚያህል የተማረ ዓሊም፣ በማር!

ያሲን አጥሩ ጥግ ቆሞ አየ።

"ሼኽዬ፣ ዘንድሮ ቀፎው ታሞብኝ እኔም አልቀመስኩ" አለና ገባ። ንቦቹም ጥለውት ሄዱ።

ሼኹ አፈሩ። "ጁሙዓ ስንገናኝ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እለዋለሁ" አሉ። ጁሙዓ አለፈ። "ዒድ ይድረስ" አሉ። ዒድም አለፈ። ያሲን ታመመና በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የመታጠቢያውን ቅጠል ሼኹ በእጃቸው ለቀሙ። በአገሩ ልማድ ጀናዛ ከደጅ ሳይነሳ ኢማሙ "ሟቹን አውፍ በሉት" ይላል፤ ሰዉም "አውፍ ብለናል" ይላል። ኢማሙ እሳቸው ናቸው። ቆሙና ወደ ሰዉ ዞሩ።

"ጀመዓ" አሉ፣ "ባለዕዳው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እኔን ማን አውፍ ይበለኝ?"

የያሲን ሚስት ሩቅያ ከበሩ ውስጥ ሆና መለሰች፤

"ሼኽዬ፣ የንቦቹን እኔም ልጆቹም አውፍ ብለናል። ልቡ ያዘነውን ግን እሱ ነው የሚያውቀው። የሱን እንዴት ልስጥዎት?"

ሼኹ ሌላ ሰው እንዲያሰግድ አደረጉ፤ እሳቸው ከኋለኛው ሰፍ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ቆመው ሰገዱ። ከቀብር ሲመለሱ እንዲህ አሉ፦ "ለሬሳው ቅጠል ከምለቅም፣ በቁሙ ሁለት ቃል ብነግረው ይሻለኝ ነበር።"

አያችሁ፣ አላህ በራሱ ሐቅ፣ በራሱ መብት ላይ የተበደለውን ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ለባለሐቁ ትቶታል። ኧረ ሳቁ እንጂ! እኔም "ነገ አውፍ በለኝ እለዋለሁ" የምለው ሰው አለኝ። ተነሱ፣ ሂዱና የበደላችሁትን ሰው በር አንኳኩ። "ማነው?" የሚል ሰው ውስጥ እያለ።